የዳቦ ቆሎው ፉርሽካ የት ገባ?

ከመንዝ መሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ዳቦ ቆሎ በአብዛኛው ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ነው። ፉርኖ ዱቄት ስንዴው ፋብሪካ ገብቶ ገለፈቱና ሽሉ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ነጩ ክፍል ነው። የተለየው አይጣልም፤ ፉርሽካ ተብሎ ለከብትና ለበግ መኖ ይሸጣል። የመንዝ በግ አርቢ የፉርሽካን ጥቅም ነጋሪ አያሻውም። ይሁንና በጉን የሚያሰባው ፉርሽካ የያዘው ፋይበር፣ ብረት፣ ዚንክና የቢ ቫይታሚን ለሰውም የሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ የቡና ቁርሳችን የሆነው ዳቦ ቆሎ ከነገለፈቱ ከተፈጨ እህል መሠራት አለበት እላለሁ። በከተማ ሱፐርማርኬት ከውጭ የመጣ የ“ሙሉ እህል” ብስኩት የሚያስሱ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር እዚሁ ገብስ አምራቹ ደጋ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ጉዳዩ የጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣውና የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ሰፊ ጥናት፣ ብዙ ፋይበር የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳርና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ገብስ ደግሞ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር አለው። በቀን 3 ግራም ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ የአውሮፓም የአሜሪካም የምግብ ተቆጣጣሪዎች ተቀብለውታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው በመሐል ሜዳ አካባቢ ጤፍ አይሆንም፤ ገብስ ግን የየዕለት ምግብ ነው። የገብስ ቆሎም ጨው ሳይበዛበት፣ ዘይት ሳይነካው፣ ፍሬው ሳይፈጭ የሚበላ ነው፤ ያልተፈጨ ፍሬ ደግሞ ሆድ ውስጥ ከዱቄት ይልቅ በዝግታ ስለሚፈጭ የደም ስኳርን ቶሎ አያሻቅብም። ከጤና አንጻር ቆሎን የሚተካከል መክሰስ ማግኘት ይቸግራል።

ገብስ ለቆሎ ሲዘጋጅ ይፈተግ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይፈተጋል። ግን በሙቀጫ ተወቅጦ በሰፌድ የሚበጠረው የላይኛው ገለባ ነው፤ እሱን ሰው አይበላውም፤ እሱን ማንሳት እህሉን ሙሉነቱን አያሳጣውም። ችግሩ የሚመጣው ቆሎው ነጣ ብሎ እንዲያምር ሲባል ፍትጊያው ሲደጋገም ነው። ያን ጊዜ ከገለባው ሥር ያለው ቡናማ ገለፈትም ተልጦ ይሄዳል። ገብስ ቤታ ግሉካኑ በውስጠኛው ክፍል ጭምር ስለሚገኝ ያኔም ባዶ አይሆንም፤ ቢሆንም ጠቆር ያለው ቆሎ ከነጣው የተሻለ መሆኑን ገዢው ቢያውቅ ሻጩም ፍትጊያውን ይቀንስ ነበር። ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ገብስ ለዚህ የተመቸ ነው።

ታዲያ ቆሎ እያለ ዳቦ ቆሎ ለምን አስፈለገ? ቆሎ ጥርስ ይፈልጋል፤ ለአዛውንት ይከብዳል፤ ልጆችም ዛሬ በርበሬና ጨው የጠገበ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ለምደዋል። ይህን ፍላጎት በምክር ብቻ መመለስ አይቻልም፤ የተሻለ ነገር፣ ማለትም ገብስ የገባበት ዳቦ ቆሎ፣ በእጃቸው መስጠት ይቀላል። ባለሙያዎች የሚያነሡት ቅሬታ የገብስ ሊጥ ይፈረካከሳል የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ ገብስ እንደ ስንዴ አይለጠጥም። መፍትሔው ግማሽ ለግማሽ መቀላቀል ነው፤ በሰፈር ወፍጮ ከነገለፈቱ የተፈጨ ስንዴና የገብስ ዱቄት። ገለፈት ውኃ ስለሚመጥ ሊጡ ከፉርኖ ሊጥ ትንሽ ጨምሮ ይጠጣል፤ ታሽቶ ጥቂት ቢያርፍ ሲድቦለቦል አይሰነጠቅም። በገመድ መልክ ተድቦልቡሎ ሽምብራ እያከለ ከተቆረጠ በኋላ በዘይት ከመጥበስ ይልቅ በምጣድ እያማሰሉ መቁላት ነው። ከነሽሉ የተፈጨ ዱቄት የራሱ ቅባት ስላለው ከፉርኖ ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያስፈጩ መሥራት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚያነሡት ነው፤ በገለፈት ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ ያግዳል ይላሉ። ትክክል ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ሊታሰብበት ይገባል። ሆኖም ሊጡን በእርሾ አቡክቶ ማሳደር ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ይህ ለእኛ ቤት አዲስ ሙያ አይደለም። ደግሞም ዳቦ ቆሎ የሚቀርበው ከቡና ጋር ነው፤ ቡና ራሱ ብረትን ስለሚያግድ ማንም ብረቱን ከቡና ቁርስ አይጠብቅም።

ጨው ለማብዛት ግን ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል ይላል። ከነገለፈቱ የተፈጨ ዱቄት የራሱ ጣዕም ስላለው ብዙ ጨው አይጠይቅም፤ የገብሱ ሽታ በምጣድ ላይ ሲወጣ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ይበቁታል። አዮዲን ያለው ጨው መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ እንቅርት ለኖረባቸው ደጋማ አካባቢዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረው እምነት ነው። የዳቦ ቆሎን ቀለም አይቶ የዱቄቱን ዓይነት መለየት አይቻልም፤ በርበሬው ሁሉንም አንድ ዓይነት ያቀላዋል። አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰብሮ ውስጡን ማየት ይረዳል፤ ከነገለፈቱ የተፈጨ ከሆነ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። በየሱቁ እየሰበሩ መግዛት ግን አይሆንም። አምራቹ በእሽጉ ላይ ዱቄቱ ፉርኖ ይሁን ከነገለፈቱ የተፈጨ፣ ገብሱም ስንት እጅ እንደሆነ ይጻፍ፤ በመንዝ የሚደራጁ የሴቶች ማኅበራትም ይህን ጽሑፍ የመጀመሪያ መለያቸው ያድርጉት።