ብሩ ቦዲው ላይ ሳይሆን ሌንሱ ላይ ይዋል

ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር አይለወጥም፤ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይላል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ከመደርደሪያ ያወርድለታል፣ ዋጋውንም በቁጥሩ ልክ ይጠራለታል። ፎቶ ማንሳት እንጀራው ላልሆነና ለፍቅሩ ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን ቁጥሩ ያን ያህል ቁም ነገር የለውም። በኤ ፎር ወረቀት ልክ ጥራት ያለው ፎቶ ለማሳተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ 90 ባለ 12 ሜጋፒክስል ነበር። በስልክ ለሚታይ ፎቶ ደግሞ ከዚያም ያነሰው ያደርሳል። ከዚህ በላይ ያለው የሚጠቅመው ፎቶውን ቆራርጦ ለሚጠቀም ወይም ግድግዳ የሚያክል ሥዕል ለሚያሳትም ነው።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስል ምንዛሪውን ማስታወስ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፊት 7 ሺህ 125 ብር ይመታ የነበረ የ125 ዶላር ዕቃ ከ12 ሺህ 500 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። ከደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው ተሳስቶ መግዛት ከቀድሞው እጅግ የከበደ ኪሳራ ሆኗል።

እንግዲህ የሚያዋጣው ያገለገለ ቦዲና ጥሩ ሌንስ ነው። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ሌንስ እንዲህ አይቸኩልም። ካነን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው የኢ ኤፍ ሌንስ ከ2018 ወዲህ በወጡት ሚረርለስ ካሜራዎቹ ላይ እንኳ በአዳፕተር ይሠራል። «ባለ መስታወቱ ካሜራ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ካነንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ካዞሩ ሰንብተዋል። ያገለገለው የረከሰው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ለገዢው ይህ ሲሳይ እንጂ መርዶ አይደለም።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ባለ 18-55 ሌንስ በቀን ብርሃን አያሳፍርም። ጉዱ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። ቡና ሲፈላ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ አመሻሽ ላይ በአንዲት አምፖል ብርሃን ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ሥዕሉ ይደበዝዛል ወይም ይንቀጠቀጣል። ሌንሱ እስከ 55 ሲሳብ ብርሃን ማስገቢያው 5.6 ላይ ይቆማልና። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ 1.8 ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህን ልዩነት በሜጋፒክስል መግዛት አይቻልም። ካነን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ባለ 50 ሌንስ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተሸጠው ከላይ በተጠቀሰው በ125 ዶላር ገደማ ነው። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ሰንሰራቸው አነስተኛ በሆነ ካሜራዎች ላይ እንደ ባለ 80 ስለሚሆን፣ በጠባብ ሳሎን ውስጥ አንሺው ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ ማፈግፈግ አለበት።

በርካሽ ተገኘ ተብሎ መዘለል የማይገባው ጉድጓድም አለ። የኒኮን ዲ 3000 እና ዲ 5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ገዢው የቆየውን ባለ 50 ዲ ሌንስ ቢገጥምባቸው ፎከሱን በእጁ ማዞር ይኖርበታል፤ በዲ 90 ወይም በዲ 7000 ላይ ግን በራሱ ይሠራል። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ ምናልባት ራሱም አያውቀው ይሆናል። በካነን በኩል ደግሞ ኢ ኤፍ ኤስ የሚል የተጻፈበት ሌንስ በፋይቭ ዲ ላይ አይገጥምም። ሌንስ ከመገዛቱ በፊት ከራሱ ከካሜራው ጋር ገጥሞ መሞከር የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሚረርለስ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የቤተሰቡን ቁም ሣጥን ቢፈትሽ አይከፋም። የድሮ የሶቭየት ዜኒት ካሜራ ከተገኘ፣ የተገጠመለት ሄሊዮስ ሌንስ በርካሽ አዳፕተር ለዛሬው ካሜራ ይሆናል። ፎከሱ በእጅ ነው፤ ለሰው ፊት ግን የሚናቅ አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ ሲታይ የውጭው ጭረት አያስደንግጥ። ሌንሱን በስልክ መብራት ወደ ውስጥ አብርቶ ማየት ነው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ይሻላል። ኒኮን ስንት ጊዜ እንዳነሳ በፎቶው ፋይል ውስጥ ይመዘግባል፤ አብዛኛው ካነን ግን ይህን አይጽፍም። የዲ 90 ሸተር የተፈተነው ለ100 ሺህ ጊዜ ስለሆነ፣ 90 ሺህ ያነሳውን እንደ አዲስ ለሚጠራ ሻጭ መልሱ አጭር ነው። ነጭ ግድግዳ በትንሹ ቀዳዳ፣ በ16 ማንሳትም በሰንሰሩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ሁሉ ያወጣዋል።

ፍላሽ፣ ትሪፖድና ትልቁ ቦርሳ ስድስት ወር ቢቆዩ የሚጎድል ነገር የለም። ሚሞሪ ካርድ ላይ ግን ሳንቲም መቆጠብ አያዋጣም። 128 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ አስመሳይ ካርድ ከሩቡ በኋላ የገባለትን ፎቶ ሁሉ ሊያበላሽ ይችላልና፣ ብሩ ከመከፈሉ በፊት ካርዱን በኮምፒዩተር አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ይበጃል።