የበቆሎ ገበያና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

በምሥራቅ ወለጋ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ የሆነችው ጉቴ ኑሮዋ ከአካባቢዋ ማሳ ጋር የተሳሰረ ነው። የበቆሎ፣ የጤፍና የኑግ ምርት ሲሰበሰብ የወፍጮ ቤቱ፣ የባለ ሱቁ፣ የልብስ ሰፊውና የጠላ ነጋዴዋ ሁሉ እጅ ይፈታል። ገበሬው የሸጠበት ዋጋ ሲወርድ ግን ጨውና ሳሙና እንኳ መደርደሪያ ላይ ይከርማሉ። ስለዚህ የእህል ገበያ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

ይህንን በሚገባ ያሳየው የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ዲቃላ የበቆሎ ዘር ከማዳበሪያ ጋር በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ተስፋፍቶ፣ ዝናቡም ተስማምቶ ስለነበር ምርቱ ከጎተራ አልፎ ተረፈ። ዳሩ ግን ዘርና ማዳበሪያ ሲቀርብ መጋዘንና ገዢ አብሮ አልቀረበም። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ በብዙ የምዕራብ ገበያዎች ወጪውን የማይሸፍን ሆነ። በቆሎውን ከማሳው ያላነሳ ገበሬ ነበር፤ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በሬውን የሸጠም ነበር። በሬውን የሸጠ ገበሬ በተከታዩ ክረምት ምን ጠምዶ እንደሚያርስ መገመት አያዳግትም። በዚያው ክረምት ዝናቡ በብዙ አካባቢ ተዛባና በ1995 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ ቁጥር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በቆሎ ገዢ ባጣ ማግስት በዚያው አገር ሕዝብ መራቡ እጅግ የሚያሳስብ ነው።

በቆሎ ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። አንድ ኩንታል ቡናና አንድ ኩንታል በቆሎ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚሄዱት በተቀራራቢ የጭነት ኪራይ ነው። ቡናው ኪራዩን ይችላል፤ የበቆሎውን ዋጋ ግን ኪራዩ ይበላዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው የፀጥታ ችግር መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያትም ችግሩ የባሰ ሆኖ ታይቷል።

ዋጋን በትእዛዝ መወሰንም ተሞክሮ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት በኮታ እህል ይገዛ ነበር። የሚከፍለው ዋጋ ከገበያው ያነሰ ስለነበር ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ኮታው በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ሲቀር በገበሬው ዘንድ ያዘነለት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ በማኅበራት መሪዎች እጅ ያለው ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ገበያው በእህል በሚጥለቀለቅበት በታኅሣሥና በጥር በቆሎውን አራግፎ የሸጠ ገበሬ፣ በሐምሌና በነሐሴ ያንኑ እህል በውድ ዋጋ መልሶ ሲገዛ ይታያል። ለዚህ የሚዳርገው ስንፍና ሳይሆን የዕዳ፣ የግብርና የልጆች ልብስ ወጪ በአንድ ወቅት መደራረቡ ነው። ስለሆነም አጣዳፊው ወጪ በቅድሚያ ከኑግ ሽያጭ እንዲሸፈንና በቆሎው እንዲቆይ አባላትን ማስረዳት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም እህሉን ሲረከብ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን ሲሸጥ እንዲያስረክብ ማድረግ ይገባል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ሳይወርድ የገባ በቆሎ ይሻግታል፤ በደንብ የደረቀውም ቢሆን ነቀዝ አይምረውም። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት እንደሚገድል በተግባር ተረጋግጧል። ሚዛንም ሊዘነጋ አይገባውም፤ በቁና ተሰፍሮ የተሸጠ እህል ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ገዢው ብቻ ነው።

ስንት ኩንታል እንደሚቆይ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝና መቼ እንደሚሸጥ አጨዳው ሳይጀመር በጠቅላላ ጉባኤ ሊወሰንና በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል። የሚያፈሰው የመጋዘን ጣሪያ ግን ዝናቡ እንዳባራ በጥቅምት ተጠግኖ ማለቅ አለበት፤ በኅዳር መጨረሻ እህሉ መግባት ይጀምራልና።