ዶቃው የሚናገረው

ዶቃ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታወሰን በሕፃን አንገት ላይ የታሰረው ጨሌ ወይም በሴት አያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጌጥ ነው። በዛሬው አምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሠዓሊ ግን በዶቃ የሚሠሩት የበሽታን መልክ ነው። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱን ስትሰሙ የሚደንቃችሁ አይመስለንም።

ሠዓሊዋ ወይዘሮ ሩት ከትሃንድ ይባላሉ። ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከክሪ ሕዝብ የተወለዱት በ1954 እ.አ.አ. በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ በፕሪንስ አልበርት ከተማ ነው። አባታቸው የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ አልበርታ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ በሚኖርበት ጊዜ፣ ገና በሕፃንነታቸው ጄራልድ ቴይልፌዘርስ ከተባሉ የነባሩ ሕዝብ ሠዓሊ ጋር ተዋወቁ። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ሠዓሊ መሆን እንደሚችል ያዩትም ያን ጊዜ ነው። ሥዕል የሚለማመዱበት ወረቀት ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከመጣው የራጅ ፊልም የተጣለ ብርቱካንማ ወረቀት ነበር። በሽታና ሥዕል ከልጅነታቸው ጀምሮ ተጎራብተው ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ወይዘሮ ሩት በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተምረው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1983፣ ሁለተኛውን በ1992 አገኙ። ብዙ ዓመት በቀለም ከሠሩ በኋላ በ2009 «ንግድ» የሚል ስም የሰጧቸውን የዶቃ ሥራዎች ለሕዝብ አቀረቡ። ከሩቅ ለሚያያቸው ያማሩ ጥልፎች ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን በማይክሮስኮፕ የሚታዩት የፈንጣጣ፣ የኩፍኝ፣ የኮሌራና የትክትክ ተዋሲያን ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ምን በዶቃ? የመስታወት ዶቃን ወደዚያ አገር ያመጡት አውሮፓውያን ነጋዴዎች ናቸው። የአውሬ ቆዳ እየተቀበሉ ዶቃ ይሰጡ ነበር። ሴቶቹም ቀድሞ በጃርት እሾህ ይሠሩት የነበረውን ጌጥ በዶቃው ይሠሩት ጀመር። ሆኖም ከዶቃው ጋር በአንድ መንገድ በሽታም ገባ። ፈንጣጣ በ1780ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደገናም በ1837 እና በ1838 በሜዳማው አገር ነዋሪዎች ላይ ከባድ እልቂት አደረሰ። ፈንጣጣ ቤት እንዴት እንደሚዘጋ የእኛም አረጋውያን ያውቁታል።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የ2016ቱን ሥራቸውን ተመልከቱ። «አትተንፍሱ፣ አትጠጡ» ይሰኛል። በጠረጴዛ ላይ ከ90 የሚበልጡ የውሃ ብርጭቆዎችና የሕፃናት ጡጦዎች ተደርድረዋል። በውስጣቸው እንደ ውሃ ጥርት ያለ ሙጫ ፈስሶ፣ በመካከሉ ከዶቃ የተሠሩ ባክቴሪያዎች ይታያሉ። ጠረጴዛው የለበሰው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ሲሆን፣ በላዩ የተሰፋው ጥቁር ዶቃ በእርጥብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚያድገውን ሻጋታ ያሳያል። በዚያ ባለጸጋ አገር ብዙ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ለዓመታት የቧንቧ ውኃቸውን ሳያፈሉ እንዳይጠጡ ሲነገራቸው ኖረዋል። መንግሥት በ2015 ለረጅም ጊዜ የቆዩትን ማስጠንቀቂያዎች እስከ መጋቢት 2021 ሁሉ እንዲነሡ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ብዙዎቹ ቢነሡም በተባለው ጊዜ ሁሉም አልተነሡም።

ወይዘሮ ሩት በ2020 በካናዳ ጠቅላይ ገዥ ስም የሚሰጠውን ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀብለዋል።

እኅቶች፣ ከእናቶቻችን የተማርነውን ጥልፍና ስፌት ብዙ ጊዜ «የእጅ ሥራ» ብለን እናልፈዋለን። እኒህ ሴት በዚያው ሙያ የሕዝባቸውን ሐዘን መዝግበዋል፤ ባለሥልጣን የዘነጋውን ጡጦም ጠረጴዛ ላይ አኑረዋል። የእርስዎስ እጅ ምን ያውቃል? ለልጅዎስ ምን ይነግርለት ይሆን?