የደቻቱ ጎርፍ ትዝታ

እኛ መንዞች ወንዝ ስንል ከበታቻችን በገደል ውስጥ የሚወርደውን ማለታችን ነው። ሞፈር በደቡብ፤ አዳባይና ወንጪት በምዕራብ አገራችንን ከበዋት ይኖራሉ፤ ነገር ግን ቤታችን ከደጋው ላይ ነውና በክረምት ድምፃቸውን እንሰማለን እንጂ ከደጃችን አይደርሱም። ስለዚህ በወጣትነቴ ለጽሕፈት ሥራ ወደ ድሬዳዋ ወርጄ ደቻቱን ባየሁ ጊዜ፤ «ይህስ የአሸዋ ጎዳና ነው» ብዬ ሣቅሁ። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ ሰውም ከብትም ይመላለስበት ነበር። ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ግን፤ «ልጄ፤ አሸዋውን አትመነው፤ ውሃው የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፤ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፤ በደጋው ላይ የጣለው ብርቱ ዝናም ከተራቆተው ተራራ በጥቂት ሰዓት ወርዶ ደቻቱን ሞላው። ባልቴቲቱ በሬን ሲደበድቡ ነቃሁ። ከውጭ የሚሰማው የሞፈር ድምፅ ነበር፤ ግን ከደጄ ላይ ነው። ለመናገር አፍራለሁ፤ መጀመሪያ ያነሣሁት ልገለብጠው ወደ ቤት ያመጣሁትን የወረቀት ሣጥን ነበር። እርሳቸውም፤ «ወረቀት ሌላ ይጻፋል፤ ይልቅ ልጁን ያዝልኝ!» ብለው የልጅ ልጃቸውን ወደ እኔ ገፉት። ሣጥኑን ጥዬ ሕፃኑን በጫንቃዬ ተሸክሜ፤ እርሳቸውንም በእጄ ይዤ፤ ግንድና ድንጋይ በሚያንከባልል ጭቃ ውስጥ ወደ ከፍታው ወጣን።

ሲነጋ፤ ማታ ቡና ያጠጡን ጎረቤቶቻችን ከነበሩበት ስፍራ አሸዋ ብቻ ተዘርግቶ አየን። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ አስከሬኑ ያልተገኘም ብዙ ነው። በዚያው ክረምት ደግሞ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ብዙ መቶ ሰው ፈጀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃዬ ስለ ሣጥኑ መጥፋት ማስረጃ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ስለ ጎረቤቶቼ ግን የጠየቀኝ የለም። የጻፍሁትም አንድ ገጽ አልሞላም።

አሁን ወደ አገሬ ተመልሼ ከሞፈር በላይ ከቤተ ሰቤ ጋራ እኖራለሁ። ሐምሌ ገብቶ ወንዙ በሌሊት ሲጮኽ ባለቤቴ፤ «ገደል ውስጥ ነው፤ ይተኙ እንጂ» ትለኛለች። እኔ ግን መብራት ይዤ ልጆቹን በየመኝታቸው ሳልቆጥር ወደ አልጋዬ አልመለስም።