ቡናው ውስጥ ፈጭቼ ብጨምርለትስ?

የዛሬዋ ባለ ደብዳቤ የ24 ዓመት ወጣት ነች። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠቅስም። ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፈችው ስለ ታላቅ ወንድሟ ነው። ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አይሆንለትም። ከሥራ ተባሯል። እናታቸው ጠበል ወስደውት ሁለት ወር ትቶ ነበር፤ ተመለሰበት። አሁን አሜሪካ ያለች አክስታቸው መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን ልትልክ ነው። «እሱ እንደሆነ በጄ አይልም። ሳላሳውቀው ፈጭቼ ቡናው ውስጥ ብጨምርለትስ? ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው!

ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን ለማለት ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አክስትሽ የምትልከው ዳይሰልፊራም የሚባለው ይመስለኛል፤ አንታቢዩዝ በሚለው የንግድ ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። አመጣጡ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሆድ ትላትል መድኃኒት ሲፈልጉ ኬሚካሉን በራሳቸው ላይ ሞከሩት (ኮሶን ቢያውቁት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ!)። ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፣ ልባቸው ትደልቅ ጀመር። የትሉ ነገር ቀረና በ1948 የመጠጥ ሱስ መድኃኒት ሆኖ ብቅ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉበታችን አልኮልን መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ያንን መርዝ ያከሽፈዋል። ኪኒኑ ሁለተኛውን ሥራ ያስቆመዋል። መርዙ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ከባሰም ይገድላል። ለዚህ ነው የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ሰክሮ ላለ ሰው ወይም ሳያውቅ ለሚወስድ ሰው በጭራሽ እንዳይሰጥ የሚለው።

እስቲ ወንድምሽን አስቢው። ቡናውን ፉት ብሎ ይወጣል፣ አረቄ ቤት ይገባል። ሲያጥወለውለው ጓደኞቹ «አንጎበር ነው፣ አንድ ድገምበት!» ይሉታል። ይደግማል። ተሸክመው ሐኪም ቤት ቢያደርሱትም ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ የሚናገር የለም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ቦታ ነሽ።

አውቆ የሚወስደው ሰው እንኳ ካቆመ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላው አይጀምርም። የመጨረሻዋን ኪኒን ከዋጠ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ መጠጥ ቢቀምስ ሊያመው ይችላል። ቅራሪ መጠጥ አይደለም የምትሉ ሰዎች፣ ነው! አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ። ጉበቱና ልቡም አስቀድመው መታየት አለባቸው።

ሌላም ነገር አለ። ያ የጠዋት መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ያለ አልኮል መሥራት እንዳቃተው ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርገው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል። በየሰፈሩ «ለከፈው» የሚባለው አንዳንዱ ይኸው ነው፤ ሰው ይሞትበታል። በር ቆልፈሽ ላስተወው ብትዪም አልስማማም። ሐኪም ቤት ግን እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያና ቫይታሚን ቢ1 እየሰጡ በሰላም ያሻግሩታል።

የሚያስፈራራው ኪኒን ብቻ አይደለም ያለው። ናልትሬክሶን የሚባለው አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ ሱስ የተፈቀደው በ1994 ነው። ሞቅታውን ያደበዝዘዋል፣ ሀራራውን ይቀንሳል። አንዱን መለኪያ ተከትሎ የሚመጣው አምስተኛውና ስድስተኛው እንደ ድሮው አይጣፍጥም። እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ግን አይነካውም፤ ወንድምሽ የሚውጠው ነገር ካለ ሳይደብቅ ይናገር። ሌላው አካምፕሮሴት ነው፤ ያቆመ ሰው እንዳይመለስበት የሚረዳ ሲሆን ኩላሊት ታይቶ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2023 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የትኛው እንደሚስማማው የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከምክር ጋር ካልሆነ ኪኒን ብቻውን ብዙ አይሄድም።

«በጄ አይልም» ያልሽው ላይ እኔና አንቺ አንግባባም። ሁለት ወር ጠበል ቦታ የታገሠ ሰው መተው አይፈልግም እንዴት ይባላል? አሁንም ጠበሉን ከፈለገ ይሂድ፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ግን አያቋርጥ።

ሞቅ ሲለው አታናግሪው። እናታችሁ ባሉበትም አይሁን፤ ያፍራል። ብቻውን ስታገኚው ስለ ስካሩ ሳይሆን ስለ እጁ ጀምሪለት። «ጋሼ፣ ይሄ መንቀጥቀጥ እኮ መድኃኒት አለው፤ አብሬህ ልሂድ» በይው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል ገባ» መባሉን ይፈራል፣ አውቃለሁ፤ አረቄ ቤት በር ላይ ወድቆ መታየቱን ግን ሰፈሩ ከለመደው ቆይቷል።

የአክስትሽ ኪኒን ሲደርስ እሽጉን ሳትከፍቺ ለሐኪሙ አሳዪው። ምን እንዳለሽም ጻፊልኝ።