ክብ ጠርዝ ለምን ይጨማተራል?



ዒድ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት ተማሪዬ ሂጃቧን በፌስታል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ጨርቁን እናቷ ከወር አስቤዛ ቀንሰው የገዙላት ነው። ግማሽ ክብ አድርጋ ቆርጣ፣ ጠርዙን 2 ሳንቲ ሜትር አጥፋ ሰፋችው፤ ተጨማተረ። የተሰፋውን በመቀስ ቆርጣ ጥላ እንደገና ሰፋችው፤ አሁንም ተጨማተረ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትቆርጥ ስትል ከደረቷ በላይ ሊቀርባት መሆኑን አየች። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የጨርቁ?» አለችኝ።

የሁለቱም አይደለም፤ የሂሳብ ነገር ነው። ክብ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ረጅሙ ጠርዝ ከእርሱ ባጠረ መስመር ላይ ማረፍ አለበት። ግማሽ ክብ የሆነ ጨርቅ 2 ሳንቲ ሜትር ቢታጠፍ፣ ቦታ የሚያጣው ትርፍ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢታጠፍ ግን ትርፉ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ክብ ጠርዝ የሚፈልገው ጠባብ እጥፋት ነው።

ጨርቁን እንደቆረጣችሁ አትስፉት፤ አንድ ሌሊት ተንጠልጥሎ ይደር። በሰያፍ የተቆረጠው ክፍል በራሱ ክብደት ስለሚለጠጥ በማግስቱ ጠርዙን አስተካክሉ። ከዚያ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን በሰፋፊ ስፌት ስፉ። አንዱን ክር በቀስታ ሳብ ስታደርጉት ጠርዙ ሰብሰብ ይላል። ስፌቱን ተከትላችሁ እጠፉ፤ በካውያ ተጫኑት፤ ያንኑ ያህል አንዴ ደግሞ እጠፉት።

እስፒልን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ መደርደር አይበጅም፤ ትርፉ ተገፍቶ መጨረሻው ላይ ይከማቻል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎችና መሃሉን ያዙ። ቀጥሎ በየመካከሉ እየገባችሁ ርቀቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን አካፍሉት። እስፒሉ ጠርዙን አቋርጦ፣ ራሱ ወደ ውጭ ይሁን። የመኪናው እግር ሲቀርብ ንቀሉት፤ በላዩ ከሰፋችሁ መርፌው ሊሰበር ይችላል። ጨርቁን በእጅ አትጎትቱ። ማዞር ሲያስፈልግ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ እግሩን አንሱና ጥቂት አዙሩት። በመጨረሻም ካውያውን ሳትገፉ አንሥታችሁ እያሳረፋችሁ ተኩሱ፤ ሙቀቱን አስቀድማችሁ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሩ።

የቀሚስ አንገት ግን ተቃራኒው ነው። ገበር ተሰፍቶለት ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ጠርዙ አጥሮ ይወጠራል። ስለዚህ ከስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ድረስ በመቀስ ጫፍ ጥቃቅን ቅዶች አድርጉለት፤ ስፌቱን ግን አትንኩ።

የተማሪዬን ሂጃብ ተርትረን በጠባቡ ስንሰፋው ጠርዙ ለጥ አለ፤ 1 ሳንቲ ሜትርም ተመለሰላት። አስቀድሞ በመቀስ የሄደው ግን አልተመለሰም። ለታናሽ እህቷ ልክ ሆነ። በዒድ ቀን ትንሿ አዲሱን ለብሳ፣ እርሷ አሮጌውን አጥባ ተኩሳ ለብሳ አየኋቸው።

እህቶቼ፣ የተሰፋ ይተረተራል፤ የተቆረጠ አይመለስም። ስፌት ሲበላሽባችሁ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ተርትራችሁ እዩት።