አሮጌ የመስክ መኪና ለአዲስ ነጂ

የመንጃ ፈቃድ በእጁ የገባለት ወጣት ሁሉ ከዚያች ዕለት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያድርበታል፤ ይኸውም የራሱን መኪና መግዛት ነው። ይህን ምኞት የሚነቅፍ ሰው የለም። ማለዳ ተነሥቶ በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ፣ ማታም በዝናብ ውስጥ ሲጠብቅ ያመሸ ሰው መኪና ቢመኝ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጓደኞቻችን መካከል የመጀመሪያ መኪናቸውን ለመግዛት ካሰቡት ጥቂት የማይባሉት ዓይናቸውን የሚጥሉት ባረጀ የመስክ መኪና ላይ መሆኑን እናስተውላለን። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል ወይም ሱዙኪ ሲያዩ ልባቸው ይሸፍታል። መሪ መጨበጥ የጀመረ ሰው እንዲህ ያለውን መኪና ቢገዛ ይበጀዋልን? በዛሬው ዕለት የምንመረምረው ጉዳይ ይህ ነው።

በመጀመሪያ የወዳጆቻችንን ምክንያት በቅን ልቡና እንስማ። መንገዳችን ድንጋይና ጉድጓድ ይበዛበታል፤ የመስክ መኪና ግን ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሆዱን አይነካም ይላሉ። አሠራሩ ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ የሰፈር መካኒክ ፈቶ ይገጥመዋል፤ መለዋወጫውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢሄዱ አይጠፋም። ቢጫር አያስቆጭም። ከዚህም በቀር ትልቅና ጠንካራ ስለ ሆነ ከአደጋ ያድናል ብለው ያምናሉ። በአፋቸው የማይናገሩት ሌላም ምክንያት አለ። ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሌላውን ቁልቁል እያዩ መንዳት ደስ ይላል፤ ዘበኛውም በሩን ቶሎ ይከፍታል።

እነዚህ መኪናዎች ስማቸውን ያገኙት በከንቱ አይደለም። ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ብረት በእንግሊዝ አገር በልክ ይታደል ስለ ነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። የታሰበውም በተለይ ለገበሬ ሥራ ነበር። ቶዮታ ደግሞ የመጀመሪያውን የመስክ መኪና እ.ኤ.አ. በ1951 ሠርቶ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም በ1954 ሰጠው። በ1984 የተጀመረው ባለ 70 ቁጥሩ ዓይነት እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። በአገራችንም ሐኪሙን፣ የእርሻ ባለሙያውንና መሐንዲሱን መንገድ ወደሌለበት ያደረሱ እነዚህ መኪናዎች ናቸው። ስለዚህ እኛ ክፉ መኪናዎች ናቸው አንልም። ጥያቄያችን ለማን ናቸው የሚል ነው።

በበኩላችን መልሳችን ይህ ነው። አሮጌ የመስክ መኪና የመንገድን ጥፋት ይምራል፤ የነጂን ጥፋት ግን አይምርም። አዲስ ነጂ የሚያስፈልገው ደግሞ ከሁሉ በፊት የራሱን ጥፋት የሚምርለት መኪና ነው። አባቶቻችን ግልቢያ የሚማረውን ልጅ መጀመሪያ በሰንጋ ፈረስ ላይ አላወጡትም። በገራም በቅሎ ላይ አስቀምጠው ልጓም መያዝ አስተማሩት። ሰንጋው ፈረስ መጥፎ ስለ ሆነ አልነበረም፤ ልጁ ገና ስለ ነበረ ነው።

ከቁመቱ እንጀምር። መኪናው ከመሬት ከፍ ባለ መጠን ክብደቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ለመገልበጥ ይቀርባል። አዲስ ነጂ ደግሞ ውሻ ወይም አህያ ሲገባበት መጀመሪያ የሚያደርገው መሪውን መጠምዘዝ ነው። በዘመናዊ መኪና ላይ መንሸራተቱን ተመልክቶ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ በፍሬን የሚይዝ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ መሣሪያ የሌለው አዲስ መኪና እንዳይሸጥ ተደርጓል። በአሮጌው የመስክ መኪና ላይ ግን አይገኝም። ይባስ ብሎ አንዳንድ ወጣቶች መኪናውን ገዝተው ባሌስትራውን ያስነሣሉ፣ ትልልቅ ጎማ ያስገጥማሉ፣ በጣራውም ላይ ፖርቶ መጋላ ይጭናሉ። ይህ ሁሉ ክብደቱን ወደ ላይ የሚያወጣ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በ5 ሜትር ያህል ቢቆም፣ በ60 የሚሄደው 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በዚያች ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም ሒሳብ ፍሬኑና ጎማው ደኅና ለሆነ መኪና ነው። ብዙዎቹ አሮጌ የመስክ መኪናዎች ግን ድራም ፍሬን ያላቸው ናቸው። ድራም ፍሬን ወንዝ ተሻግሮ ሲርስ እስኪደርቅ ድረስ በደንብ አይዝም፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግልም ይደክማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የለመደ ሹፌር ገና ከላይ ማርሽ ቀንሶ መኪናዋን በሞተር ይይዛታል፤ አዲሱ ግን እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሣ ይወርዳል፤ ፍሬኑ የሚያስፈልገው ጊዜ ሲደርስም ፍሬን የለውም።

«ፎርዊል ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ፎርዊል ለመሄድ ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። እንዲያውም አጠቃቀሙን ለማያውቅ ሰው መኪናውን ማበላሻ ነው። በኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይጓዛሉ፤ በብዙዎቹ አሮጌ ዓይነቶች ግን ፎርዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹም ይጨነቃሉ፤ በመጨረሻም አንዱ ይሰበራል።

ትልቅ ስለ ሆነ ያድናል የሚለውን አነጋገር ደግሞ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል። የሚያድነው ማንን ነው? ዘመናዊ መኪና ሲጋጭ ፊቱ እየተጨራመተ የግጭቱን ኃይል ለራሱ ይቀበላል። አሮጌው የመስክ መኪና በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ኃይሉን የሚቀበለው በውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው። ከውጭ ላለው ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አጭሩ አውቶሞቢል እግሩን የሚመታውን ሰው ከፍ ያለው መኪና ደረቱን ይመታዋል፤ ልጅ ከሆነም ራሱን። በዚያ ላይ ከረጅሙ ኮፈን ሥር ያለውን ልጅ ነጂው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አያየውም። እንግዲህ መኪና የሚገዛ ወጣት ለራሱ ብቻ የሚገዛ አይምሰለው፤ በዜብራ ላይ ለሚሻገረው ለማያውቀው ሰውም ጭምር ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ኪስ እንመለስ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ «አገር ውስጥ ያለ መኪና ዋጋው አይወድቅም» የሚለው ነገር የብዙ ሰው ማጽናኛ ሆኗል። ይሁን እንጂ የመሸጫው ዋጋ አለመውደቁ የወር ደመወዝን ከመበላት አያድነውም። በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣ የመስክ መኪናና 7 ሊትር የሚበቃት ትንሽ አውቶሞቢል በወር 800 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ ልዩነታቸው በወር 56 ሊትር፣ በዓመት 672 ሊትር ነው። አንባቢያችን ይህን በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ያባዛው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ በላይ ያጣባታል። ነጂው በእንጦጦ ዳገት ላይ ነዳጁን እየረገጠ ጥቁር ጢስ ከኋላው የሚያስከትለው በከፊል ስለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ ኩሽኔታው፣ ፍሪሲዮኑና ራዲያተሩ በየተራ የሚጠይቁት ወጪ አለ። ከዕቁብ ባገኘው ገንዘብ ላይ ከዘመድ ተበድሮ መኪና የገዛ ወጣት በሁለተኛው ወር መኪናውን ጋራዥ አቁሞ እንደገና በታክሲ ሲሄድ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል እንደ ተባለው ነው።

የወረቀቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤትና ከርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጡ ወይም ከቀረጥ ነጻ የገቡ ናቸው። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋራ መስማማቱን፣ የቀረጥ ዕዳ አለመኖሩንና በባንክ አለመታገዱን ማረጋገጥ አለበት። ሻጩ የቱንም ያህል ቢያስቸኩል ይህን ሳይጨርስ ቀብድ አይስጥ።

ይህን ስንል ግን ለማንም ወጣት አይገባውም ማለታችን አይደለም። ወደ ወረዳ ተመድቦ በጠጠር መንገድና በወንዝ መሻገሪያ የሚመላለስ የእርሻ ወይም የጤና ባለሙያ የመስክ መኪና ቢገዛ ሥራው ያስገድደዋል። እርሱም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ወራት የለመደ ሰው ከጎኑ አስቀምጦ ይንዳ። ገንዘቡን ከቀለም በፊት በፍሬኑ፣ በጎማውና በመሪው ላይ ያውል። ቀበቶ በሌለበት ወንበር ላይ ሰው አይጫን፤ በተለይም ከኋላ ጎን ለጎን በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ሕፃናትን አያስቀምጥ። ቁልቁለትን በማርሽ መውረድ የሚማረው በዓባይ በረሃ ሳይሆን አስቀድሞ በቅርብ ባለ ቁልቁለት ይሁን።

ኑሮው ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ የሆነ ወጣት ግን የሚሻገረው ወንዝ የለውም። ለእርሱ ዝቅ ያለች፣ ትንሽና ፍሬኗ የታመነ አውቶሞቢል ትበቃዋለች፤ አቅሙ የፈቀደለትም በኤሌክትሪክ የምትሠራውን ሊመለከት ይችላል። አቅሙ ያልፈቀደለት ደግሞ ሁለት ዓመት ቆጥቦ ቢቆይ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በዚያ ጊዜ የዘመድ መኪና እየተዋሰ እጁን ያፍታታ።

የመስክ መኪና የሚያስከብረው በሠራው ሥራ ነው እንጂ በቁመቱ አይደለም። ነጂም እንደዚሁ ነው። አምስት ዓመት ሰው ሳይጎዳ ከነዳ በኋላ ላንድሮቨሩን ቢገዛ እኛም መልካም መንገድ ብለን እንመርቀዋለን። ላንድሮቨሩም እንደሆነ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አምስት ዓመት መጠበቅ አይከብደውም።